«የወደድኩት ሥራውን ነው ወይስ ሱፐርቫይዘሬን?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የመጡት ከኦክዩፔሽናል ቴራፒ ተማሪዎችና ከአሠልጣኞቻቸው ነው። ሙያው በሕመም፣ በአደጋ ወይም በእድገት ችግር ምክንያት መልበስ፣ መብላት፣ መጻፍ፣ መማር ወይም ሥራ መሥራት ያቃተው ሰው ተግባሩን መልሶ እንዲይዝ፣ ካልሆነም በሌላ መንገድ እንዲሠራው የሚያግዝ ነው። ጠያቂዎቻችንን ያሳሰባቸው ጉዳይ ተቀራራቢ ነው፤ አታችመንት (ተግባራዊ ልምምድ) የወጣ ተማሪ ልቡ ወደ አንድ ዘርፍ ሲያዘነብል ወይም ከአንዱ ሲሸሽ፣ ያ ስሜት ምን ያህል ይታመናል?

ትምህርቱን የጀመርኩት ከሕፃናት ጋር ለመሥራት ቆርጬ ነበር። በእጅ ሕክምና ክፍል የ8 ሳምንት ልምምድ ጨርሼ ስወጣ ግን ሐሳቤ ተገለበጠ፤ አሁን ከስፕሊንት (የተጎዳ እጅን ደግፎ ከሚይዘው መሣሪያ) ሌላ አይታየኝም። ጓደኞቼ «ነገ ደግሞ ሌላ ትያለሽ» ይሉኛል። እውነት ወላዋይ ሆኜ ነው? (የአራተኛ ዓመት ተማሪ)

አይደለሽም፣ እህታችን። ሕፃናትን የመረጥሽው ሥራውን ሳታዪው ነበር፤ የእጅ ሕክምናን ግን የመረጥሽው በእጅሽ ሠርተሽ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሙያውን ተማሪዎችና ተመራቂዎች የጠየቁ ጥናቶች፣ የሥራ ዘርፍ ምርጫን ከሚወስኑ ነገሮች መካከል ተግባራዊ ልምምድን ደጋግመው ከፊተኛው ረድፍ አስቀምጠውታል። በ8 ሳምንት ሐሳብ መቀየር በብዙዎች ላይ የሚደርስ ነገር ነው።

የተቀየረበትን ምክንያት ማወቅ ግን ይጠቅምሻል። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳስረዳው፣ ሰው «ይህን እችላለሁ» የሚለውን እምነት የሚያገኘው ከአራት ምንጮች ነው፦ ራሱ ሞክሮ ሲሳካለት፣ እሱን የሚመስል ሰው ሲሳካለት ሲያይ፣ የሚያከብረው ሰው ሲያበረታታው፣ እና በሥራው ላይ ሳለ ሰውነቱ ሲረጋጋ። ከአራቱ የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። ሌንት፣ ብራውንና ሃኬት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ይህንኑ ወደ ሥራ ምርጫ አምጥተውታል፤ ሰው የሚወደው እችለዋለሁ ያለውንና ውጤት አገኝበታለሁ ብሎ የጠበቀውን ነው።

አሁን የእጅ አንጓን ቀና አድርጎ የሚይዘውን ስፕሊንት ስትሠሪ የሆነውን አስቢ። ስፕሊንቱ የሚሠራበት ፕላስቲክ (ቴርሞፕላስቲክ) እንደ ዓይነቱ ከ65 እስከ 75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይለሰልሳል። በፎጣ ታደርቂዋለሽ፤ ሙቀቱን በራስሽ ክንድ ላይ ትሞክሪያለሽ፤ ታካሚው እጅ ላይ ካረፈ በኋላ እስኪጠነክር ያለሽ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። የፊተኛው ጠርዝ ለጣቶቹ የሚቀርበውን የመዳፍ መስመር ካለፈ ታካሚው ጣቶቹን እስከ መጨረሻው ማጠፍ ያቅተዋል። ከክርን በታች ያለውን ክንድ ሁለት ሦስተኛ ካልደረሰ ጫናው በአጭር ቦታ ላይ ይከማቻል። በትንሿ ጣት በኩል ጎልቶ የሚታየውን የአንጓ አጥንት ከተጫነ ደግሞ ቆዳው ይቀላል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አስለብሰሽ ስታወልቂ ከቀላና ቅላቱ በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ፣ ቦታውን አሙቀሽ ወደ ውጭ ትገፊዋለሽ። ስህተትሽም እርማትሽም በአንድ ከሰዓት በኋላ ውስጥ ዓይንሽ ሥር ናቸው። ባንዱራ የመጀመሪያ ያለው ምንጭ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞላልሻል ማለት ነው። እርሳስ መያዝ ያቃተው ልጅ ግን የሚለወጠው በወራት ነው፤ ከልጁ ጋር 8 ሳምንት ብትቆዪ እንኳ ፍሬውን የሚያየው ከአንቺ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ራስሽን የምትጠይቂው ይህን ነው፦ የወደድኩት እጅን ነው ወይስ የውጤቱን ፍጥነት? እጅን ከሆነ፣ የዛሬ ስድስት ወር የተሰፋ ጅማት ያለው ሰው ለአሥረኛ ጊዜ መጥቶ ያንኑ መገጣጠሚያ በጎንዮሜትር (በማዕዘን መለኪያ) ስትለኪና ለውጡ 5 ዲግሪ ብቻ ሲሆን አይሰለችሽም። ፍጥነቱን ከሆነ፣ ፈጥኖ የሚታይ ውጤት በሌላም ቦታ ይገኛል፦ ዊልቸር በልክ ማስተካከል፣ ቤትን ለአካል ጉዳተኛ ማመቻቸት፣ በአጣዳፊ ሕክምና ክፍል ታካሚን ለመውጣት ማዘጋጀት።

የቀረሽን ልምምድ እንደ ማነፃፀሪያ ተጠቀሚበት። ከተቻለ ሕፃናት ክፍል ግቢ፤ ካልተቻለ ሁለት ሦስት ቀን ተመልካች ሆነሽ እንድትውዪ ጠይቂ። በየሳምንቱ ዓርብም አራት መስመር ጻፊ፦ ሰዓቱ ሳይታወቀኝ ያለፈው በየትኛው ሥራ ላይ ነው? የትኛውን ሥራ ለነገ አሳደርኩት? ሲሳካልኝ አጠገቤ ማን ነበር? ሱፐርቫይዘሬ ነገ ቢቀየር ከዚህ ሥራ ምን ይቀርልኛል? በየሳምንቱ መጻፉ ግድ የሚሆነው ትዝታ ስለማይታመን ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎች አንድን ቆይታ የሚያስታውሱት በአማካዩ ሳይሆን በከረረው ቅጽበትና በመጨረሻው እንደሆነ አሳይተዋል። በመጨረሻው ቀን አበባና ካርድ የተሰጠው ተማሪ ስምንቱን ሳምንታት በዚያ ቀን ዓይን ነው የሚያያቸው።

አንድ ነገር እንጨምር። በአሜሪካ የእጅ ቴራፒስት የምስክር ወረቀት ለማግኘት ቢያንስ 3 ዓመት የሙያ አገልግሎትና 4,000 ሰዓት በቀጥታ የእጅ ሕክምና ላይ የተሠራ ሥራ ይጠየቃል። የእጅ ሕክምና ምርጫሽ ጸንቶ ቢቆይ እንኳ የመጀመሪያ ሥራሽ አጠቃላይ የመልሶ ማቋቋም ክፍል ቢሆን ከመንገድሽ አልወጣሽም።

በአእምሮ ጤና ክፍል 6 ሳምንት አሳልፌ ወጣሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥግ ላይ ተቀምጬ ስመለከት ነበር። ሱፐርቫይዘሬን በሳምንት አንዴ ባገኛት ነው። ነርሱም፣ ሳይኮሎጂስቱም፣ ሶሻል ወርከሩም ቡድን ይመራሉ፤ የእኛ ድርሻ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ጨረስኩ። ይህን ዘርፍ ከዝርዝሬ ብሰርዘው ልክ ነኝ? (የሦስተኛ ዓመት ተማሪ)

ለመሰረዝ በመጀመሪያ ልታየው ይገባ ነበር፣ ወንድማችን፤ ከደብዳቤህ እንደተረዳነው ደግሞ አላየኸውም። ለ6 ሳምንት ያየኸው አንድ የተጨናነቀ ክፍልንና ጊዜ ያጣች ሱፐርቫይዘርን ነው። ይህን የምንለው ቅሬታህን ለማቃለል አይደለም። ተማሪን ጥግ ላይ አስቀምጦ መመለስ ጉዳቱ ከሚታሰበው በላይ ነው፤ ተማሪው ክህሎት ሳያገኝ ከመቅረቱም በላይ «ይህ ዘርፍ ባዶ ነው» የሚል ድምዳሜ ይዞ ይወጣል፣ ድምዳሜውንም ለጓደኞቹ ያደርሳል። የአእምሮ ጤና ክፍሎች ቴራፒስት ሲያጡ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነው።

የሚያሳዝነው ሙያው የበቀለው ከዚሁ መሬት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1917 በኒው ዮርክ ግዛት ክሊፍተን ስፕሪንግስ ላይ የመጀመሪያውን ማኅበር ከመሠረቱት መካከል ዊልያም ረሽ ደንተን የአእምሮ ሐኪም ነበር። ኤልነር ክላርክ ስሌግል ደግሞ ለረጅም ዓመታት በሆስፒታል የቆዩ የአእምሮ ሕሙማን የዕለት ሥርዓታቸውን መልሰው እንዲገነቡ የሚያሠለጥን ዘዴ ዘርግታለች። በብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ1930 ብሪስቶል ውስጥ የመጀመሪያውን የኦክዩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ቤት የከፈተችው ኤልዛቤት ካሰን የአእምሮ ሐኪም ነበረች።

ድርሻችን ምንድን ነው ላልከው፣ ሻይ ማፍላትን ተመልከት። አንድ ታካሚ ማብሰያ ክፍል ገብቶ ለራሱ ሻይ እንዲያፈላ ትጠይቀዋለህ። ውሃውን ይጥዳል፤ ኩባያ ያወጣል፤ ከዚያ ቆሞ ይቀራል። ውሃው ይፈላል፣ እሱ መስኮቱን ያያል። እዚህ ላይ ሌላው ባለሙያ ስለ ስሜቱ ሊጠይቀው ይችላል። አንተ ግን የምትመዘግበው ሌላ ነው፦ ሥራውን ራሱ ጀመረ ወይስ ተቀስቅሶ? ቅደም ተከተሉ የት ላይ ተቋረጠ? «ቀጥሎ ምን ነበር?» የሚለው ቃል ብቻ በቃው ወይስ ኩባያውን ማሳየት አስፈለገ? ስንት ጊዜ? እሳቱን ወይም ማብሪያ ማጥፊያውን ራሱ አጠፋ? በሚቀጥለው ሳምንት የቅስቀሳው ቁጥር ከ6 ወደ 3 ከወረደ ያ የሥራህ ውጤት ነው፤ ሰውየው ብቻውን መኖር ይችል እንደሆነ ከሚወስኑት ነገሮችም አንዱ ነው። ሳይኮሎጂስቱና ነርሱ ብዙውን ጊዜ ይህን አይለኩም።

ዘርፉን ከቦታው ለመለየት ያየኸውን በጥያቄ አበጥረው። ራስህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የያዝከው ታካሚ ነበር? አንድን ሰው ቢያንስ ለ4 ሳምንት ተከታትለሃል? ሥራህን አይቶ አስተያየት የሰጠህ የሙያው ሰው ነበር? ፍርሃት ሲሰማህ የተናገርክበት ሰዓት ነበር? ለሁሉም መልሱ «የለም» ከሆነ ስለ ዘርፉ ምንም ማስረጃ አልያዝክም። ለሁሉም «አዎ» ሆኖ አሁንም ጠዋት ጠዋት መሄድ ከከበደህ ግን ስሜትህን እመነው፤ ዘርፉን መተው ነውር የለበትም። ፍርሃትን ያነሳነው በዚህ ክፍል ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ሳይናገሩት የሚሸከሙት ነገር ስለሆነ ነው። ያልተነገረ ፍርሃት ውሎ አድሮ «አይመቸኝም» የሚል ስም ይወጣለታል።

ሁለተኛ ዕድል ካገኘህ ለልምምድ አስተባባሪህ «የተሻለ ቦታ ስጡኝ» ብለህ አትጻፍ፤ የምትፈልገውን ዘርዝር። ከ6 እስከ 8 ሰው ያለበትን አንድ ቡድን ቢያንስ ለ4 ሳምንት ራስህ ለመምራት ጠይቅ። አንዱ ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይፈጃል፦ 10 ደቂቃ መክፈቻ፣ ግማሽ ሰዓት ተግባር፣ ቀሪው ሰዎቹ ስለሠሩት የሚነጋገሩበት። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ተግባሩን አርዝመው ንግግሩን በ2 ደቂቃ ሲጨርሱ ነው፤ ሰውየው የሠራውን ከቤቱ ሕይወት ጋር የሚያገናኘው ግን በዚያ ንግግር ላይ ነው። ከቡድኑ ውጭ አንድ ታካሚ ይዘህ በካናዲያን ኦክዩፔሽናል ፐርፎርማንስ መዠር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ለካ። ታካሚው ራሱ የመረጣቸውን ተግባራት አፈጻጸሙንና እርካታውን ከ1 እስከ 10 ይሰጣል፤ የ2 ነጥብ ለውጥ ትርጉም ያለው ሆኖ ይቆጠራል። ዝግ ብሎ የሚመጣ ለውጥ እንዲህ በቁጥር ካልተያዘ ለታካሚውም ለአንተም አይታይም።

በመልሶ ማቋቋም ክፍል ተማሪ ተቀብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ላሠለጥን ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት ይመጡብኛል። እኔ ራሴ 15 ታካሚ አለኝ። ተማሪዎቹ ሙያውን ጠልተው እንዳይወጡ ምን ላድርግ? (ኦክዩፔሽናል ቴራፒስት)

ጥያቄዎን ከሁሉም ደብዳቤዎች በላይ በደስታ ተቀብለነዋል፤ የተማሪውን ዝንባሌ ከሚቀርጹት ሁሉ የእርስዎ እጅ ይበረታልና።

ትልቁ ስህተት የማየት ጊዜን ማስረዘም ነው። ተማሪ ሦስት ሳምንት ቆሞ ሲያይ ሥራው ቀላል ወይም አሰልቺ ይመስለዋል፤ የባለሙያ ውሳኔ ከውጭ አይታይማ። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ግን ሙሉ የሆነ ሥራ ይስጡት። ለምሳሌ በስትሮክ አንድ ጎኑ የደከመ ሰው ሸሚዝ ሲለብስ ማገዝ፦ የደከመው እጅ መጀመሪያ ይገባል፣ ሲወልቅ መጨረሻ ይወጣል። ወይም ታካሚው የዕለት ተግባሩን ምን ያህል ራሱ እንደሚሠራ የሚያሳየውን፣ 10 ጥያቄ ያለውን የባርትል መለኪያ መሙላት፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ስለሆነ ተማሪው የሚያቀርበው ነገር ይዞ ይመለሳል። በሁለተኛው ሳምንት የአንድን ታካሚ ሕክምና ከፊሉን፣ በሦስተኛው እርስዎ ክፍሉ ውስጥ እያሉ አንድ ታካሚን በሙሉ ይያዝ። በአራተኛው የአጋማሽ ግምገማ ያድርጉ፤ የ8 ሳምንት ልምምድ ከሆነ ከዚያ በኋላ የታካሚውን ቁጥር በየሳምንቱ አንድ አንድ ይጨምሩ። የአጋማሹን ግምገማ አያሳድሩት። ጉድለቱን በስምንተኛው ሳምንት የሚሰማ ተማሪ የሚያርምበት ቀን የለውም፤ ይዞት የሚሄደው ቁስሉን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚሰጡትን ታካሚ ይምረጡ። ብዙዎች «ይማርበት» ብለው ከባዱን ይሰጣሉ፤ መናገር የማይችል፣ ቤተሰቡ የተቆጣ፣ ሁለት ጊዜ ስትሮክ የመታው ሰው። ተማሪው ይወድቃል፣ ውድቀቱን ግን በታካሚው ክብደት ሳይሆን በዘርፉ ላይ ያሳብባል። የሚሻሻል መሆኑ የሚታወቅ፣ መግባባት የሚችል ታካሚ ያስቀድሙ፤ ከባዱ በአምስተኛው ሳምንት ይምጣ።

አስተያየትዎን በዚያው ቀን ይስጡ፤ 10 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ፣ የታየ ነገር። «ጎበዝ ነህ» የሚለው አይያዝም። «ከአልጋ ወደ ዊልቸር ስታዛውራት ፍሬኑን ሳታይ ጀመርክ፤ ነገ መጀመሪያ ፍሬኑን በእጅህ ንካ» የሚለው ግን እጁ ላይ ይቀራል።

ሁለት መሆናቸው ሸክም ይመስላል፤ በደንብ ከተያዘ ግን ያቀልልዎታል። ጥያቄ ሲኖራቸው መጀመሪያ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ፣ ያልፈቱትን ብቻ ጽፈው በተወሰነ ሰዓት እንዲያመጡ ያድርጉ። አንዱ ሲያክም ሌላው የሚመዘግበው የተለየ ነገር ይኑረው፤ ለምሳሌ ታካሚው ስንት ጊዜ እንደታገዘ። በአንዱ ፊት ሌላውን ከማወዳደር ግን ይጠንቀቁ፤ ባንዱራ ሁለተኛ ምንጭ ያለውን (የሚመስሉት ሰው ሲሳካለት ማየትን) ለአንዱ ከፍተው ለሌላው ይዘጉታል። የግል ግምገማው ለየብቻ ይሁን።

የመጨረሻው ለመናገር የሚከብድ ነው። ተማሪ በዕረፍት ክፍል የሚሰማውን ወሬ ከሕክምናው እኩል ይማረዋል። ስለ ደመወዝ፣ ስለ አለቃ፣ «እኔ እንደ አንተ ብሆን ሌላ እማር ነበር» የሚል ንግግር በ8 ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ ከሰማ፣ እርስዎ ያሳዩት ጥሩ ሥራ አይመልሰውም። ችግሩን ይደብቁ አንልም። ግን በሥርዓት ያቅርቡት፦ ይህ ችግር አለ፣ እንዲህ እንቋቋመዋለን፣ ይህንን ደግሞ አልቻልንም።

የግድ ስንት ሰዓት ልምምድ ያስፈልጋል? በሁሉም ዘርፍ ማለፍ አለብኝ? (የሁለተኛ ዓመት ተማሪ)

እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተው የዓለም ኦክዩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን ዝቅተኛ መስፈርት 1,000 ሰዓት ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ቢቆጠር 25 ሳምንት ይሆናል። በአሜሪካ ለቴራፒስትነት የሚጠየቀው ዋናው ልምምድ በሙሉ ሰዓት 24 ሳምንት ነው። በሁሉም ዘርፍ ማለፍ አይጠበቅም፤ የተለያየ ዕድሜ፣ የተለያየ ችግርና የተለያየ የሥራ ቦታ ማየት ግን ይጠበቃል። ምርጫ ካለህ የማትፈልገውን ዘርፍ መጀመሪያ ውሰድ፤ በመጨረሻው ልምምድ ላይ ካገኘኸውና ከተመቸህ ለመከተል ጊዜ አይኖርህም።

ኦክዩፔሽናል ቴራፒስት በሌለበት የመጠለያ ማዕከል ለልምምድ ተመደብኩ። ሱፐርቫይዘሬ የምትመጣው ከውጭ ነው። ሆስፒታል የተመደቡት ጓደኞቼ ክህሎት ሲይዙ እኔ ወደ ኋላ የምቀር መስሎኛል። (የአራተኛ ዓመት ተማሪ)

ስፕሊንት አትሠሪም፣ የመገጣጠሚያ ልኬት ላይም እጅሽ አይፈታም፤ ይህ እውነት ነው። የምታገኚው ሌላ ነው፦ ማንም ሚናሽን ባልነገረሽ ቦታ ሚናሽን ማብራራት። ይህ በሥራ ዓለም በየቀኑ የሚያስፈልግ ክህሎት ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ግን የክፍሉ በር ላይ ስለተጻፈ ማንም አይጠይቅሽም።

እንዲሳካ ግን ቅርጽ ያስፈልገዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም ፕሮግራም አትጀምሪ። ነዋሪዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ ሰዓታቸውን በምን እንደሚያሳልፉ በግማሽ ሰዓት እየከፈልሽ መዝግቢ፤ ሠራተኞችንም አነጋግሪ። ባዶ ሰዓት የሚበዛው መቼ እንደሆነ፣ ሰዎቹ ከመጠለያው ሲወጡ የሚቸገሩት በምን እንደሆነ ያን ጊዜ ይገለጣል፤ ገንዘብ መያዝ ይሁን፣ ቀጠሮ ማክበር ይሁን፣ ማብሰል። በሦስተኛው ሳምንት ከማዕከሉ ኃላፊና ከሱፐርቫይዘርሽ ጋር አንድ ወይም ሁለት ሥራ ብቻ ተስማሙ፤ ጽፋችሁ ፈርሙበት። ይህ ካልተደረገ ቀስ በቀስ ተጨማሪ ረዳት ትሆኛለሽ፤ ዕቃ ታድያለሽ፣ ስልክ ታነሻለሽ፣ መጨረሻ ላይ «ምን ሠራሽ?» ስትባዪ መልስ ታጪያለሽ።

የሱፐርቫይዘር ጊዜሽንም አስከብሪ። የአሜሪካ መስፈርት እንዲህ ላለ ቦታ በሳምንት ቢያንስ 8 ሰዓት ቀጥተኛ ክትትልን፣ ሱፐርቫይዘሩ ሳይኖር ደግሞ በቦታው ተጠሪ የሚሆን ሰውን፣ ሱፐርቫይዘሩም ቢያንስ 3 ዓመት ልምድ ያለው እንዲሆን ያዛል። የአንቺ ትምህርት ቤት ሌላ ሕግ ቢኖረውም መለኪያ ይሁንሽ። በሳምንት አንድ ሰዓት ስልክ ብቻ ከሆነ ለአስተባባሪሽ ዛሬውኑ አሳውቂ።

በምርጫሽ ላይ የሚያመጣውን ነገር አስቀድመሽ እወቂ። እንዲህ ካለ ቦታ የወጡ አንዳንዶች ከማኅበረሰብ ሥራ ተለይተው መኖር አይችሉም፤ ሌሎች ደግሞ ብቻቸውን መሥራት ስላስፈራቸው ብዙ ባልደረባ ያለበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ዘርፉን መጥላት ሳይሆን የክትትል ርሃብ ነው።

ልጄ ከልምምድ ከተመለሰች ወዲህ ሙያውን ልተው እያለች ነው። ሦስት ዓመት የለፋችበት ነው። ምን ልበላት? (አባት)

መጀመሪያ ምንም አይበሏት፣ አባታችን፤ የሆነውን ብቻ ያስነግሯት። ታካሚ ሞቶባት ይሆናል፤ በሰው ፊት ተዋርዳ ይሆናል፤ ወይም ሥራው በእርግጥ አልተስማማት ይሆናል። ሦስቱ ሦስት መፍትሔ አላቸው። «ሦስት ዓመት ለፍተሽ» የሚለው ቃል በሩን ስለሚዘጋ ይተዉት። ከልምምድ በተመለሰች በሁለት ሳምንት ውስጥ የመልቀቂያ ወረቀት እንዳትፈርም ብቻ ይለምኗትና፣ የትምህርት ክፍሏን የልምምድ አስተባባሪ ቀጠሮ ይዛ እንድታነጋግር ያበረታቷት። ክብሯ የተነካ ከሆነ ይህ የግምገማ ሳይሆን የአቤቱታ ጉዳይ ነውና በጽሑፍ ይቅረብ።

የመጨረሻ ልምምዴን የጨረስኩበት ቦታ ሥራ ሰጥቶኛል። ሰዎቹን እወዳቸዋለሁ፤ ሌላ ቦታ ሳላይ ብቀበል እጎዳለሁ? (ተመራቂ)

ልምምድ ለቀጣሪውም ረጅም የሥራ ፈተና ነው። ስምንት ወይም አሥራ ሁለት ሳምንት አይቶህ የጠራህ ቦታ ከማያውቅህ ቀጣሪ ይሻላል፣ አንተም ታውቀዋለህ። የምትስተው ነገር ቢኖር ያወቅከው የተማሪን ሕይወት መሆኑ ነው። ተማሪ ሳለህ 5 ታካሚ ነበረህ፣ ማስታወሻህን የሚያርምልህም ሰው ነበረ፤ በሠራተኛነት ቁጥሩ ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ የሚያርመውም ላይኖር ይችላል።

ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ፦ በመጀመሪያው ወር ስንት ታካሚ ይሰጠኛል፣ በሦስተኛውስ? ሱፐርቪዥን በሳምንት ስንት ሰዓት ነው፣ በማን? ማስታወሻ የምጽፈው በሥራ ሰዓት ነው ወይስ ከዚያ በኋላ? በየ6 ወሩ ክፍል መቀያየር ይቻላል? መልሶቹን ጽፈህ ያዝ። ከዚያ ባለፈው ዓመት እዚያው ከተቀጠረ ሰው ጋር ያለ አለቃው ተገናኝተህ እነዚያኑ ጥያቄዎች ድገምለት። የሁለቱ መልስ የሚለያይበት ቦታ ላይ ቆመህ አስብ። የምትወዳት ሱፐርቫይዘር በቅርቡ ልትለቅ እንደሆነም ራሷን ጠይቃት፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ትነግርሃለች።